እኩሉ ከምኑ ላይ ነው? የአንባቢያን ጥያቄ ስለ ነዳጅ ቁፋሮና ስለ መንግሥት ድርሻ

ባለፈው ዕትም ሶማሌ ክልል ስላለው የካሉብ ጋዝ አንድ መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ እፎይ አላለም። ስድስት ጥያቄዎች መርጫለሁ። ለማታውቁኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ምሥራቅ ውስጥ አንድ የቁፋሮ ካምፕ ላይ የዕቃ ግምጃ ቤት ሒሳብ ይዣለሁ። ጂኦሎጂስት አይደለሁም። ድንጋይ አታሳዩኝ፣ ደረሰኝ አሳዩኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሳሪስ ስታዲየም ሚኒባስ ነው የምነዳው። በ2010 ነዳጅ ወጣ ተብሎ ጨፈርን። በ2018 መስከረም ላይ ደግሞ ጋዝ ወጣ ተባለ። ማደያው ግን ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው። ነዳጅ ካለን ለምን አይረክስም? (ሾፌር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ጭፈራዎች እንለያቸው።

ሰኔ 21 ቀን 2010 የተበሰረው ድፍድፍ ነዳጅ ነው። እዚያው ሶማሌ ክልል፣ ሂላላ ላይ ለሙከራ በቀን 450 በርሜል ይወጣል ተባለ። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው። አባዛው፣ 71 ሺህ ሊትር ተኩል ይመጣል። ሁለት ትልልቅ ቦቴ አይሞላም። ያውም ሳይጣራ። ሚኒባስህ ውስጥ ብትጨምረው ሞተሩን ነው የምትቀብረው።

መስከረም 22 ቀን 2018 የተመረቀው ደግሞ የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጋዙን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ ያቀዘቅዙትና ፈሳሽ ይሆናል። ያን ጊዜ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያንሳል፣ በቦቴም ይጫናል። የመጀመሪያው ምዕራፍ አቅም በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ነው ተብሏል። ሲካፈል በቀን 300 ሺህ ሊትር ገደማ። የአንተ መኪና የሚጠጣው ናፍጣ ነው፣ ይሄ አይሆነውም። ናፍጣና ቤንዚን ይመጣል የተባለው ከሂላላ ድፍድፍ ነው፤ ማጣሪያው ጎዴ ላይ ሲሠራ። በዚያው ቀን የተቀመጠው የመሠረት ድንጋዩ ነው። ከመሠረት ድንጋይ ናፍጣ አይቀዳም። (ማጣሪያ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አሰብ ላይ ነበረን። የምናጣራው ግን የሰው ድፍድፍ ነበር።)

እሺ፣ ማጣሪያው ተሠራ እንበል። ያኔስ ይረክሳል? በራሱ ጊዜ አይረክስም። ቆፋሪው ብድሩን የሚከፍለው በዶላር ነው፣ በርሜሉንም የሚቆጥረው በዓለም ዋጋ ነው። መንግሥት ላርክሰው ካለ የሚያረክሰው ከራሱ ድርሻ ቀንሶ ነው። ድጎማ ማለት ይኸው ነው። ናይጄሪያን ተመልከት። በአፍሪካ ከዋናዎቹ ድፍድፍ አምራቾች አንዷ ናት፣ ግን ለብዙ ዓመት ቤንዚን ከውጭ ስታስገባ ኖረች። ድጎማው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ሲነሳ የሌጎስ ሾፌር በአንድ ሌሊት እጥፍ ከዚያም በላይ ከፈለ። ነዳጅ ያለው አገር ሾፌር ነው እንግዲህ።

የሚጠቅመን ሌላ ጋ ነው። ለነዳጅ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ እናወጣለን። ከዚያ ላይ የተወሰነው አገር ውስጥ ቢቀር ለመድኃኒትና ለመለዋወጫ ይተርፋል። ለአንተም ከናፍጣው ይልቅ ጎማው ነው መጀመሪያ የሚረክስልህ።

ጥያቄ፦ መንግሥት ከአንድ በርሜል ስንት ይደርሰዋል? አንዱ ግማሽ ነው ይለናል፣ ሌላው 15 በመቶ፣ ሌላው ምንም። ክፍል ውስጥ ተከራክረን አልተግባባንም። (የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የተጣላችሁት በቁጥሩ ነው። መጠየቅ የነበረባችሁ ግን «ከምኑ ላይ?» የሚለውን ነው።

የደጀን ልጅ ነኝ። አባቴ ሲሞት እናቴ በሬም ጉልበትም አልነበራትም። ሁለት ጥማድ መሬቷን ለጎረቤት ለእኩል ሰጠች። ውሉ በሽማግሌ ፊት ነበር፦ ዘርና ማዳበሪያ ይነሳና የቀረው እኩል። የመጀመሪያው ዓመት ስምንት ኩንታል ጤፍ ገባ። ሰውዬው ሒሳቡን አቀረበ። ዘር ይነሳ። ማዳበሪያ ይነሳ። እሺ። ቀጥሎ የአራሚ የቀን ሠራተኛ ክፍያ መጣ። ከዚያ ለደቦው የተጠመቀ ጠላ፣ ለውቂያ የተከራያቸው በሬዎች፣ የከረጢት ዋጋ። ተነስቶ ተነስቶ አራት ኩንታል ቀረ። እኩል ተካፈሉ፣ ለእናቴ ሁለት። ማንም ውል አፈረሰ አይለውም። እኩል ተብሎ እኩል ሰጠ።

እናቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። በዓመቱ ግን እኔን በሰባተኛ ክፍል ደብተሬ ጀርባ ላይ መስመር አስምራ አውድማው ላይ አስቀመጠችኝ። «ዝም ብለህ ጻፍ» ነው ያለችኝ። ሰውዬው ላይዳውን እያነሳ በጎን ያየኛል። ጠላ ሲመጣ እጽፋለሁ። በሬ ሲመጣ የማን እንደሆነ እጽፋለሁ። ሁለቱ የራሱ ነበሩ፣ ባለፈው ዓመት «የተከራያቸው» ናቸው የተባሉት። ስምንት ኩንታል ገባ፣ እንደ አምናው። የተነሳው አንድ ብቻ። ለእናቴ ሦስት ተኩል ደረሳት። ውሉ ያው ነው፣ ማሳውም ያው፣ ምርቱም ያው።

መንግሥትና ቆፋሪው ኩባንያ የሚፈራረሙት «የምርት ክፍፍል ስምምነት» የእናቴ ውል ነው። የባለ መሬቷ ቦታ ላይ መንግሥት ተቀምጧል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የነዳጅ ሥራዎች አዋጁ ደግሞ የደርግ ጊዜ ነው፣ ቁጥር 295/1978። ኩባንያው ባለ በሬው ነው። አሠራሩ በአብዛኛው አገር እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ሮያሊቲ ይነሳል፤ ትርፍ ይኑር አይኑር ሳይባል ከጠቅላላው ምርት የሚከፈል። ቀጥሎ ኩባንያው ያወጣውን ወጪ ያነሳል። የቀረው ትርፍ ይከፋፈላል። ኩባንያው በድርሻው ላይ የገቢ ግብር ይከፍላል።

መቶ በርሜል ወጣ እንበል። ቁጥሮቹ የእኔ ምሳሌ ናቸው፣ የማንም ውል አይደሉም። አስር ለሮያሊቲ። ኩባንያው ወጪዬ ነው ብሎ ስድሳ አነሳ። ሠላሳ ቀረ፣ እኩል ለእኩል፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት። መንግሥት ሃያ አምስት በርሜል አገኘ፣ ግብሩ ሳይቆጠር። አሁን ትክክለኛው ወጪ አርባ ቢሆንስ? ሃምሳ ይቀራል፣ መንግሥት ሠላሳ አምስት ይደርሰዋል። «እኩል» የሚለው ቃል በሁለቱም ላይ አልተነካም። የምትጨቃጨቁበት 50 በመቶ ያለው እዚህ ነው። የመጨረሻዋ መስመር ላይ።

ካምፕ ላይ የገጠመኝን ልንገርህ። አንድ ተቋራጭ የጄኔሬተር ኪራይ ሒሳብ በየወሩ ይልካል። እንከፍላለን፣ ወጪ ይያዛል። አንድ ቀን የግዢ ሰነድ መጣ፣ ለአዲስ ጄኔሬተር። ልረከብ ሄድኩ። አዲስ የተባለው ላይ አሸዋ ተጋግሮበታል። የስም ሰሌዳውን በእጅጌዬ ጠረግሁትና ቁጥሩን ከማስታወሻዬ ጋር አስተያየሁ። ስምንት ወር የተከራየነው ራሱ ነው። ኪራዩም ወጪ፣ ግዢውም ወጪ፣ ማሽኑ አንድ። ሁለቱም ደረሰኝ ማኅተም አለው። ቢሮ ተቀምጦ የሚፈርም ሰው በምን ያውቃል? ሰነዱን አልተረከብኩም። ለጥቂት ሳምንት ሰላምታ የሚሰጠኝ ጠፋ።

ሌላም በር አለ። ባለ በሬው ጤፉን ለአማቹ ከደጀን ገበያ በታች ሸጦ «ዋጋው ይኸው ነው» ቢልስ? ጋዝ ላይ ይሄ በጣም ቀላል ነው። ጋዝ እንደ ድፍድፍ በየቀኑ በዓለም የሚጠራ አንድ ዋጋ የለውም። ሻጩና ገዢው እህትማማች ኩባንያዎች ከሆኑ ዋጋውን ማን ተከራክሮ አወጣው? ደግሞ የአንዱ ማሳ ወጪ በሌላው ማሳ ምርት ላይ እንዳይነሳ ውሉ ላይ አጥር ያስፈልጋል። አለዚያ ሌላ ቦታ የቆፈረውን ደረቅ ጉድጓድ በካሉብ ጋዝ ያስከፍልሃል።

ኖርዌይን ሁሉም ይጠቅሳል፣ 78 በመቶ ታስከፍላለች እያለ። እውነት ነው፣ 22ና 56 ተደምሮ። ግን እሱም ከትርፍ ላይ ነው፣ ወጪውንም መንግሥት በዚያው መጠን ይጋራል። እኔን የሚገርመኝ መቶኛው አይደለም። ፋሩቅ አል-ቃሲም የሚባለው ኢራቃዊ ነው። የባስራ ሰው፣ በነዳጅ ኩባንያ የሠራ ጂኦሎጂስት። ሚስቱ ኖርዌያዊት ናት። የታናሽ ልጃቸው ሕመም ሕክምና ስለሚሻ እ.ኤ.አ. በ1968 ወደ እሷ አገር ገቡ። ጠዋት ኦስሎ ደረሰ፣ ባቡሩ የማታ ነው። ምን ልሥራ ብሎ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሄዶ ሥራ የሚጠይቅበት የነዳጅ ኩባንያ ዝርዝር ስጡኝ አለ። እነሱም ነዳጅ የሚያውቅ ሰው በመብራት ሲፈልጉ ነበር። ቀጠሩት። በዓመቱ ኤኮፊስክ የሚባለው ትልቁ የባሕር ነዳጃቸው ተገኘ፣ በ1972 ደግሞ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስታቫንገር ላይ ተቋቋመ። ፋሩቅ ከቀረጹት አንዱ ነው። አውድማው ላይ ደብተር ይዞ የተቀመጠ ሰው ነበራቸው ማለት ነው። ዛሬ የነዳጅ ፈንዳቸው ከአንድ ትሪሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ለባዕድ ከምናካፍል ራሳችን ለምን አንቆፍርም? ካሉብ የተገኘው እኮ እኔ ገና ማስተማር ስጀምር ነው። (ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ቅሬታዎ ይገባኛል። አንድ ጥልቅ የፍለጋ ጉድጓድ በሚሊዮኖች ዶላር ይበላል፣ ደረቅ ከሆነ የሚመልሰው የለም። ካሉብ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚወረደው። ጋዙ ከተኛባቸው አለቶች አንዱ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ይባላል። አዲግራት ላይ መሬት ላይ ወጥቶ የሚታየው ዓይነት፣ ሶማሌ ክልል ላይ ከምድር በታች ተቀብሮ ማለት ነው። ይሄንን ሲነግሩኝ ለግማሽ ቀን ሥራ አልያዘልኝም።

ሃምሳ ዓመት የወሰደው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ቴኔኮ በ1960ዎቹ አጋማሽ አገኘው። አብዮት መጣ፣ የ1969ኙ ጦርነት መጣ፣ ኩባንያው ሄደ። ሶቪየቶች መጥተው ጉድጓድ ጨመሩ፣ ዘመኑ ሲያልፍ እነሱም አለፉ። ካሉብ ጋዝ አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። የመንግሥት እጅ ያኔ ነው የተሞከረው፣ ጋዝ ግን ለገበያ አልደረሰም። የማሌዥያው ፔትሮናስ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ፔትሮትራንስ ፈርሞ በዓመቱ ተሰረዘ። በእኛው አቆጣጠር በ2006 የቻይናው ፖሊ-ጂሲኤል ፈረመ፣ በ2015 ውሉ ተቋረጠ፣ የአሁኑን ምርቃት ያደረሰው ደግሞ የዚያው ኩባንያ ቤተሰብ የሆነው ጎልደን ኮንኮርድ ነው። በመካከሉ በሚያዝያ 1999 እዚያው ክልል አቦሌ ላይ በነዳጅ ፍለጋ ካምፕ በደረሰ ጥቃት ከ70 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኛው የእኛው ልጅ ነበር። ያን ዜና ስሰማ እኔ የተኛሁበት ዓይነት ድንኳን ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት፣ ደረቅ ጉድጓዱን እነሱ ይቆፍሩት። እኛ ለቁፋሮው ከምንበደር በዚያ ገንዘብ ጥቂት መቶ ጎበዝ ኦዲተርና የቆጣሪ ባለሙያ እናሠልጥን። ሪግ፣ መቆፈሪያው ማሽን፣ ይከራያል። የሚቆጥርልህ ሰው ግን የሰው ከሆነ ያው የሰው ነው።

ጥያቄ፦ ጋዙ የሚወጣው እኛ ክልል ነው። ለክልላችንስ? ለሽላቦ ሰውስ? (አንባቢ፣ ከጅግጅጋ)

መልስ፦ ሕጉ አንቺን አልረሳሽም፣ ቢያንስ በወረቀት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 በነዳጅና በጋዝ ሥራ ላይ የሚጣለውን ገቢ ግብርና ሮያሊቲ ፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ ይጥላሉ፣ ይሰበስባሉ ይላል። እንዴት እንደሚካፈሉት የሚወስነው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ አንቀጽ 62 ንዑስ 7።

መቶኛ ሲነግሩሽ ያንኑ ጥያቄ ድገሚ፦ ከምኑ ላይ? ናይጄሪያ ውስጥ ነዳጅ አምራች ክልሎች ከ13 በመቶ ያላነሰ ይደርሳቸዋል፣ ከገቢው ላይ። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ሕግ ደግሞ ለአካባቢው ማኅበረሰብ 3 በመቶ ተባለ። ሲያነቡት ከገቢ አይደለም፣ ኩባንያው ለሥራ ማስኬጃ ካወጣው ወጪ ላይ ነው። የኒጀር ዴልታ ሰው ብዙ ጮኸበት። ሁለተኛው ጥያቄ ገንዘቡ ክልል ቢሮ ደርሶ ይቆማል ወይስ ወረዳው ይደርሳል የሚለው ነው። ይሄንን አዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ጅግጅጋንም ጠይቂ።

ካምፕ ሳለሁ አንዲት እናት ግመል እየሳበች መጣች። በአስተርጓሚ የጠየቀችኝ ባዶ በርሜል ነው። ውኃ ልትይዝበት። ግቢው ውስጥ በርካታ ባዶ በርሜል ተደርድሯል፣ ለቁፋሮ የሚቀላቀል ኬሚካል የመጣበት። አይሆንም አልኳት፣ መርዝ ነው። አስተርጓሚው ምን ብሎ እንዳስረዳት እንጃ። ፊቷን አጥቁራ ሄደች፣ ንፉግ ነው ያለችኝ። ከኋላዬ ጄኔሬተሩ ይጮኻል፣ አምፖሉ በቀን በርቷል። በሳምንቱ በርሜሎቹን ልቆጥር ስሄድ ስድስቱ የሉም። በመዝገቤ ላይ «ጎደለ» ብዬ ጻፍኩ። ለማን እንደደረሰ አልጠየቅሁም፣ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ጥያቄ፦ አላስካ የምትኖር እህቴ በየዓመቱ ከነዳጅ ብር ይገባላታል። እኛስ ለምን በነፍስ ወከፍ አይሰጠንም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ እህትሽ እውነቷን ነው። አላስካ እ.ኤ.አ. በ1969 ለመቆፈሪያ መሬት ጨረታ 900 ሚሊዮን ዶላር ተቀብላ ቶሎ ጨረሰችው። ከዚያ ነቃች። በ1976 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከማዕድን ሮያሊቲዋ ቢያንስ 25 በመቶው ቋሚ ፈንድ ውስጥ እንዲገባ፣ ዋናው ገንዘብም እንዳይነካ ወሰነች። ለነዋሪ የሚከፈለው ፈንዱ ካተረፈው ላይ ነው። በ1982 የመጀመሪያው ክፍያ 1,000 ዶላር ነበር። በ2022 እስከ 3,284 ደረሰ። በ2025 ደግሞ ያው 1,000። እህትሽ ቅናሹን ሳትነግርሽ አትቀርም።

እኛ ብዙ ነን። አንድ ቢሊዮን ዶላር ንጹሕ ገቢ መጣ ብለሽ ለ120 ሚሊዮን ሰው ብታካፍይው ስምንት ዶላር ከምናምን ነው። እኔ ስምንቷን ዶላር አልፈልግም። የአላስካን ፈንድ ሒሳብ ግን ማንም ሰው ድረ ገጽ ከፍቶ ያያል፣ እሱን ብታመጡልኝ እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛን ጨርሶ ፔትሮሊየም ካልተማርኩ ብሏል። ይማር? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይማር፣ ይባረክ። ግን የወጪ ሒሳብ ትምህርት እንዲጨምርበት ለምኚልኝ። ሪግ የሚጨብጥ ሰው አይጠፋም፣ ደረሰኝ የሚያነብ ነው የሚጠፋው። ካምፕ የሄደ ቀን ደግሞ ጠዋት ጫማውን ሳያራግፍ እንዳያጠልቅ። ጊንጥ አለ። እኔ በአንደኛው ሳምንት ነው የተማርኩት።